በኤክስኤምኤል ኦብጀክት መፍጠር፦ የኮንስትራክተር አርጉመንቶችና እስኪጠሩ የሚቆዩ ፕሮክሲዎች

በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጀልባዎች ከሐይቁ የሚመለሱት በማለዳ ነው። ቆሮሶውና አምባዛው ከጀልባ ወርዶ ሚዛን ላይ ሲወጣ መዝጋቢው ክብደቱን እየተቀበለ ወደ ኮምፒውተር ያስገባል፤ ለአስጋሪው ደግሞ ያስረከበው ኪሎ በአጭር መልእክት ስልኩ ላይ ይደርሰዋል። በዚያ አካባቢ ለሚሠራ አንድ የአስጋሪዎች ማህበር ይህን የርክክብ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኔትወርክ ተቋርጦ ነበርና ፕሮግራሙ ጭራሽ አልከፈት አለ። ሚዛኑ ደህና ነበር፤ መዝገቡም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። የወደቀው መልእክት የሚልከው ኦብጀክት ብቻ ነው፤ እሱ ግን ገና ሲፈጠር፣ በኮንስትራክተሩ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር በሚሠራው የኮድ ክፍል) ውስጥ፣ ከሩቅ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት ሲሞክር ወድቆ መላውን ፕሮግራም ይዞት ወደቀ። አንድ አዛውንት አስጋሪ «ልጄ፣ ዓሣ እኮ አይጠብቅም» ሲሉኝ የምመልስላቸው ቃል አጣሁ፤ የዚያን ቀን ርክክብ በሙሉ በደብተር ተመዘገበ።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ያ ፕሮግራም የተስተካከለበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የምንጠቀመው ስፕሪንግ የተባለውን የጃቫ ፍሬምወርክ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ስፕሪንግን በአኖቴሽን፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ በሚጻፉ ምልክቶች፣ ይጠቀማል፤ ሆኖም ክላሱን ሌላ ሰው ጽፎት ኮዱን መንካት በማንችልበት ጊዜ ወይም አድራሻና ቁጥር የመሳሰሉትን ከኮዱ ውጭ ማስቀመጥ ስንፈልግ የኤክስኤምኤሉ መንገድ አሁንም ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። የመልእክት ላኪው ክላስ የመጣው ከሌላ አቅራቢ ስለነበር እኔም የመረጥኩት ይህንኑ መንገድ ነው።

ስለ ምሳሌዎቹ አጻጻፍ አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ስፕሪንግ የሚያውቃቸው የታግና የአትሪቢዩት ስሞች በእውነተኛው ፋይል ውስጥ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ እዚህ ግን እንደ አነባበባቸው በእኛው ፊደል ሰፍረዋል። የቢኖቹ (ስፕሪንግ ፈጥሮ የሚያስተዳድራቸው ኦብጀክቶች) መለያዎችና የክላሶቹ ስሞች ግን በፋይሉ ውስጥም በአማርኛ ሊጻፉ ይችላሉ። ጃቫ የክላስና የሜተድ ስም በግእዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ስፕሪንግም ከ3.1 ዕትም ወዲህ የቢን መለያን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይቀበላል። ከዚያ በፊት መለያው የኤክስኤምኤልን የስም ሕግ መከተል ነበረበት። ያ ሕግ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመሠረተው በዩኒኮድ 2.0 ላይ ሲሆን የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በ3.0 ዕትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በአማርኛ መለያ የሚጠቀም ሰው ያረጀ የስኪማ ፋይል (የኤክስኤምኤሉን አጻጻፍ ሕግ የሚደነግገውን) ይዞ እንዳይሠራ ይጠንቀቅ። ፋይሎቹን ሁሉ በዩቲኤፍ-8 ያስቀምጡ፤ ከጄዲኬ 18 በፊት ባለ ጃቫ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኮዱን ኮምፓይል ሲያደርጉ ይህንኑ ኢንኮዲንግ በግልጽ ይግለጹ። አለዚያ ፊደሎቹ የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ።

አንደኛ ደረጃ፦ ክላሶቹን መለየት

በምሳሌያችን ሦስት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው መዝገብ ነው፤ «መዝገብ» የሚባል ኢንተርፌስ (ሜተዶቹን ብቻ የሚዘረዝር ውል) እና ክብደቱን ዲስክ ላይ የሚጽፍ «የዲስክመዝገብ» የሚባል ክላስ አለው። ሁለተኛው መልእክት መላክ ነው፤ «ላኪ» የሚባል ኢንተርፌስ «ላክ» የሚል አንድ ሜተድ ይዟል፣ «አጭርመልእክትላኪ» የሚባለው ክላስ ደግሞ ይህን ኢንተርፌስ ይተገብራል። የዚህ ክላስ ኮንስትራክተር የሰርቨሩን አድራሻ በጽሑፍ፣ ፖርቱን በቁጥር፣ መልስ የሚጠብቅበትን ቆይታ በሰከንድ ይቀበልና ወዲያውኑ ግንኙነት ይከፍታል። ሦስተኛው «ተረካቢ» ነው፤ በኮንስትራክተሩ አንድ መዝገብና አንድ ላኪ ይቀበላል፣ ከዚያም ክብደት በመጣ ቁጥር ይመዘግባል፣ መልእክትም ያስልካል።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር «ተረካቢ» የሚያውቀው ኢንተርፌሶቹን ብቻ መሆኑ ነው። በኮንስትራክተሩ ውስጥ «አጭርመልእክትላኪ» ብለን በቀጥታ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ወደ አምስተኛው ደረጃ ስንደርስ እንቸገር ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያውን የኤክስኤምኤል ፋይል መጻፍ

<ቢንስ>
  <ቢን አይዲ="መዝገብ" ክላስ="ዓሣ.የዲስክመዝገብ">
    <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="ቦታ" ቫልዩ="ዳታ/ርክክብ"/>
  </ቢን>

  <ቢን አይዲ="ላኪ" ክላስ="ዓሣ.አጭርመልእክትላኪ">
    <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="አድራሻ" ቫልዩ="መልእክት.ምሳሌ"/>
    <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="ፖርት" ቫልዩ="8080"/>
    <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="ቆይታ" ቫልዩ="30"/>
  </ቢን>

  <ቢን አይዲ="ተረካቢ" ክላስ="ዓሣ.ተረካቢ">
    <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="መዝገብ" ሬፍ="መዝገብ"/>
    <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="ላኪ" ሬፍ="ላኪ"/>
  </ቢን>
</ቢንስ>

«ቫልዩ» የሚለው አትሪቢዩት የሚይዘው ጽሑፍ ነው፤ ኮንስትራክተሩ ቁጥር የሚፈልግ ከሆነ ስፕሪንግ ጽሑፉን ወደ ቁጥር ይለውጥለታል። «ሬፍ» ግን በዚያ መለያ የተጠራውን ሌላ ቢን ራሱን አምጥቶ ያስረክባል። ሁለቱን ማምታታት የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ «ሬፍ» በሚገባበት ቦታ «ቫልዩ» ከጻፉ ስፕሪንግ «መዝገብ» የሚለውን ቃል ወደ መዝገብ ኦብጀክት ሊለውጥ ይሞክርና አልሆን ሲለው ስህተት ያወጣል። ይህ ስህተት ፕሮግራሙ ሲነሳ ስለሚታይ ብዙ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ድምፅ የማያሰማው ስህተት ነው። አርጉመንቶቹን «ኔም» ወይም «ኢንዴክስ» ሳይሰጡ በደፈናው መዘርዘር ይቻላል፤ ስፕሪንግም በዓይነታቸውና በተጻፉበት ቅደም ተከተል እያዛመደ ወደ ኮንስትራክተሩ ያስገባቸዋል። ነገር ግን የእኛ ላኪ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ይቀበላል፣ ቁጥርን ከቁጥር ደግሞ በዓይነት መለየት አይቻልም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ፋይሌ 30ን ከ8080 በፊት ጽፌ ነበር። ፋይሉ ያለ ምንም ቅሬታ ተነበበ፤ ፕሮግራሙ ግን በ30 ቁጥር ፖርት ለመገናኘት እየሞከረ ስለነበር ችግሩ የኔትወርክ መስሎኝ ግማሽ ቀን ኬብል ስፈትሽ ዋልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አርጉመንት ያለ ስም ጽፌ አላውቅም።

«ኢንዴክስ» ከ0 የሚጀምር ተራ ቁጥር ነው። ከደፈናው ይሻላል፤ ሆኖም አንድ ሰው በኮንስትራክተሩ መሐል አዲስ ፓራሜተር ቢጨምር ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛወራል። «ታይፕ» የሚባለው አትሪቢዩት የሚጠቅመው አንድ ክላስ እኩል ብዛት ያላቸው አርጉመንቶች የሚቀበሉ ሁለት ኮንስትራክተሮች ሲኖሩት፣ ለምሳሌ አንደኛው ጽሑፍ ሌላኛው ቁጥር ሲቀበል፣ የትኛውን እንደምንፈልግ ለመለየት ነው። በእኔ ግምት ግን ለዕለት ተዕለት ሥራ «ኔም»ን የሚያህል የለም፤ ፋይሉን ከስድስት ወር በኋላ የሚከፍተው ሰው 30 ምን እንደሆነ ኮዱን ሳይከፍት ያውቃልና።

«ኔም» የሚጠይቀው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ጃቫ ኮድን ኮምፓይል ሲያደርግ የፓራሜተር ስሞችን በራሱ ፈቃድ አይዝም፤ ከጃቫ 8 ጀምሮ «-ፓራሜተርስ» የሚለውን አማራጭ ለኮምፓይለሩ ከሰጡት ግን ይይዛቸዋል። የቀድሞዎቹ የስፕሪንግ ዕትሞች አማራጩ ባይሰጥም እንኳ ስሞቹን ከዲበግ መረጃው ፈልፍለው ያወጡ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 6.1 ይህን አሠራር አስወግዶታል፤ ስለዚህ ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ፋይል ዕትም ሲቀየር ድንገት «ስሙን አላገኘሁም» ቢል መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ አማራጭ ነው። ክላሱ የሌላ አቅራቢ ሆኖ ስሞቹ ሳይያዙ ተጠናቅሮ ከመጣ ግን በ«ኢንዴክስ» ይጠቀሙ፤ ያን ጊዜ ከእያንዳንዱ መስመር ጎን አርጉመንቱ ምን እንደሆነ በኮሜንት ይጻፉ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ኦብጀክቶቹ መቼ እንደሚፈጠሩ በዓይን ማየት

በራስዎ ክላሶች ኮንስትራክተሮች ውስጥ «መዝገቡ ተፈጠረ»፣ «ላኪው ተፈጠረ»፣ «ተረካቢው ተፈጠረ» የሚሉ የህትመት መስመሮችን ያስገቡና ፕሮግራሙን ያስነሱ። ማንም ምንም ሳይነካ ሦስቱም መስመሮች ስክሪን ላይ ይወጣሉ፤ ተረካቢውም የግድ ከሁለቱ በኋላ ይመጣል። ስፕሪንግ ነጠላ ቢኖችን (ሲንግልተን፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጠሩትን) በሙሉ ኮንቴይነሩ፣ ማለትም ቢኖቹን የሚፈጥረውና የሚያገናኘው ክፍል፣ ሲነሳ የመፍጠር ልማድ አለው። ልማዱ መልካም ነው፤ የፋይል ስህተት ካለ ገበያው ሳይሞላ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ይታወቃልና። ችግር የሚሆነው መፈጠሩ ከእኛ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ኦብጀክት ሲኖር ነው። አሁን የኔትወርክ ገመዱን ነቅለው እንደገና ያስነሱት፤ ላኪው ይወድቃል፣ ተረካቢው አይፈጠርም፣ ኮንቴይነሩም ይዘጋል። ያን ጠዋት አሞራ ገደል ላይ የሆነው ይኸው ነበር።

አራተኛ ደረጃ፦ «ሌዚ-ኢኒት» ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

በላኪው ቢን ላይ ሌዚ-ኢኒት="ትሩ" የሚል አትሪቢዩት ይጨምሩና ገመዱ እንደተነቀለ ያስነሱት። ፕሮግራሙ አሁንም ይወድቃል።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ወይም «ሌዚ አይሠራም» ብሎ የሚደመድመው እዚህ ላይ ስለሆነ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። «ሌዚ-ኢኒት» ለኮንቴይነሩ የሚነግረው «ይህን ቢን ማንም ካልጠየቀው አትፍጠረው» ብቻ ነው። ተረካቢው ግን ሌዚ አይደለም፤ ኮንቴይነሩ ሲነሳ መፈጠር አለበት፣ ለመፈጠር ደግሞ ኮንስትራክተሩ የተዘጋጀ ላኪ ይፈልጋል። ስለዚህ ኮንቴይነሩ ላኪውን በተረካቢው ስም ይጠይቃል፤ ላኪው ከተጠየቀ ደግሞ ይፈጠራል። የኮንስትራክተር አርጉመንት ጥንካሬውም ችግሩም ይኸው ነው፦ ኦብጀክቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሳይጨብጥ አይወለድም። ጥንካሬ የሚሆነው ግማሽ የተሠራ ተረካቢ ፈጽሞ ስለማይኖር ነው፤ ችግር የሚሆነው ደግሞ አንዱ መንቃት ያለበት ኦብጀክት ከሥሩ ያሉትን ሁሉ አብሮ ስለሚቀሰቅስ ነው።

ተረካቢውንም ሌዚ ማድረግ፣ ወይም በፋይሉ አናት ላይ «ዲፎልት-ሌዚ-ኢኒት» ብሎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተኛት መፍትሔ ይመስላል። አይደለም፤ ተረካቢው የመጀመሪያው ዓሣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ይጠየቃል፣ ያን ጊዜም ላኪውን ይዞ ይወድቃል። በዚያ ላይ ማለዳ መታወቅ የነበረበት የፋይል ስህተት ሁሉ ሰው ተሰልፎ ሳለ እንዲፈነዳ አደረግን ማለት ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ በመካከል ፕሮክሲ ማስገባት

የሚያስፈልገን «ላኪ» የሚለውን ኢንተርፌስ የሚያሟላ፣ ነገር ግን ሲፈጠር ከማንም ጋር የማይገናኝ ወኪል ነው። ተረካቢው ይህን ወኪል ይጨብጣል፤ ወኪሉ «ላክ» ተብሎ ሲጠራ ብቻ ወደ ኮንቴይነሩ ሄዶ እውነተኛውን ላኪ ያስፈጥራል፣ ጥሪውንም ያስተላልፍለታል። ስፕሪንግ ለዚህ የሚሆኑ ሁለት ክላሶች አሉት፤ አንዱ ፕሮክሲውን ይሠራል፣ ሌላው እውነተኛው ኦብጀክት መቼ እንደሚመጣ ይወስናል። በፋይሉ ውስጥ የቀድሞውን የላኪ ቢን በሚከተለው ይተኩ።

<ቢን አይዲ="እውነተኛላኪ" ክላስ="ዓሣ.አጭርመልእክትላኪ"
     ሌዚ-ኢኒት="ትሩ" አውቶዋየር-ካንዲዴት="ፎልስ">
  <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="አድራሻ" ቫልዩ="መልእክት.ምሳሌ"/>
  <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="ፖርት" ቫልዩ="8080"/>
  <ኮንስትራክተር-አርግ ኔም="ቆይታ" ቫልዩ="5"/>
</ቢን>

<ቢን አይዲ="ላኪ"
     ክላስ="ኦርግ.ስፕሪንግፍሬምወርክ.ኤኦፒ.ፍሬምወርክ.ፕሮክሲፋክተሪቢን">
  <ፕሮፐርቲ ኔም="ፕሮክሲኢንተርፌስስ" ቫልዩ="ዓሣ.ላኪ"/>
  <ፕሮፐርቲ ኔም="ታርጌትሶርስ">
    <ቢን ክላስ="ኦርግ.ስፕሪንግፍሬምወርክ.ኤኦፒ.ታርጌት.ሌዚኢኒትታርጌትሶርስ">
      <ፕሮፐርቲ ኔም="ታርጌትቢንኔም" ቫልዩ="እውነተኛላኪ"/>
    </ቢን>
  </ፕሮፐርቲ>
</ቢን>

የተረካቢው ቢን አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም፤ «ላኪ» የሚለው መለያ ቀድሞ ወደ እውነተኛው ላኪ ያመለክት ነበር፣ አሁን ወደ ፕሮክሲው ያመለክታል። ከጃቫው ኮድም የተነካ ነገር የለም።

ሦስት ቦታዎችን በተለይ ያስተውሉ። «ታርጌትቢንኔም» የሚቀበለው የቢኑን ስም በጽሑፍ ነው፤ በዚህ ቦታ «ሬፍ» መጠቀም እውነተኛውን ኦብጀክት ወዲያው ስለሚያስጠራ የድካማችንን ዋጋ ያሳጣናል። እውነተኛው ላኪ ላይ «ሌዚ-ኢኒት» የግድ መኖር አለበት፤ ከሌለ ፕሮክሲው ቢኖርም ኮንቴይነሩ እንደ ልማዱ ሲነሳ ይፈጥረዋል። «አውቶዋየር-ካንዲዴት» ደግሞ በፕሮግራሙ ሌላ ክፍል በዓይነት የሚፈለግ ላኪ ካለ ኮንቴይነሩ ሁለት አግኝቶ እንዳይደናገር፣ ፕሮክሲውን ብቻ እንዲያይ ያደርገዋል።

ኢንተርፌስ ስላለን ፕሮክሲው የሚሠራው በጃቫ በራሱ የፕሮክሲ ዘዴ ነው። ኢንተርፌስ ከሌለ ስፕሪንግ ሲጂሊብ በሚባል ዘዴ ከክላሱ የሚወርስ ልጅ ክላስ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ክላሱ «ፋይናል» ከሆነ ፕሮክሲ ሊሠራ አይችልም፣ ሜተዱ «ፋይናል» ከሆነ ደግሞ ጥሪው በፕሮክሲው ሳያልፍ ይቀራል። በአንደኛው ደረጃ ስለ ኢንተርፌስ ያሳሰብኩት ለዚህ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያው ጥሪ ቢወድቅስ?

ፕሮክሲ ውድቀትን አያጠፋም፤ ጊዜውን ያዛውረዋል እንጂ። ቀድሞ ፕሮግራሙ ሲከፈት ይወድቅ የነበረው አሁን የመጀመሪያው መልእክት ሲላክ ይወድቃል። ይህን ሳያስቡ ፕሮክሲ ማስገባት አስጋሪውን ከበር ከመመለስ ይልቅ ዓሣው ሚዛን ላይ እያለ መመለስ ነው። በዚህ ሥራ ትልቁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ደግነቱ ሌዚኢኒትታርጌትሶርስ እውነተኛውን ኦብጀክት የሚያስቀምጠው መፈጠሩ ከተሳካ በኋላ ብቻ ነው። መፍጠሩ ካልተሳካ ባዶውን ይቆያል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ጥሪ እንደገና ይሞክራል፤ ኔትወርክ በ2 ሰዓት ቢመለስ ፕሮግራሙን መዝጋትና መክፈት ሳያስፈልግ የ2 ሰዓት ከ5ቱ መልእክት ይሄዳል። ኦብጀክቱን የሚያመጣው ሜተድ በአንድ ጊዜ ከአንድ ክር (ትሬድ፣ ጎን ለጎን ከሚሄዱት የፕሮግራሙ ሥራዎች አንዱ) በላይ ስለማያስገባ ሁለት መዝጋቢዎች በአንድ ቅጽበት ቢጠሩትም ሁለት ላኪ አይፈጠርም። የዚህ ጥበቃ ዋጋው ግን አንዱ ሲሞክር ሌላው ተሰልፎ መጠበቁ ነው፤ ቆይታውን ከ30 ወደ 5 ሰከንድ ያወረድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ሚዛን ፊት ለቆመ ሰው 30 ሰከንድ ረጅም ነው።

ከዚህም የተሻለው መልእክቱን ከሚዛኑ ሥራ መነጠል ነው። ተረካቢው ክብደቱን ሲመዘግብ መልእክቱንም «ያልተላከ» ብሎ አብሮ ይመዝግበው፤ ከጀርባ በየደቂቃው የሚነሳ ሌላ ሥራ ያልተላኩትን እየወሰደ ላኪውን ይጥራ፣ ሲሳካለት «ተልኳል» ይበል። ይህ የጀርባ ሥራ ሊይዘው የሚገባውን ስህተት ልብ ይበሉ፦ የላኪው ክላስ የሚወረውረው የግንኙነት ስህተት ብቻ አይበቃም፤ ኦብጀክቱ ሳይፈጠር ሲቀር የሚመጣው የስፕሪንግ የራሱ የቢን መፍጠር ስህተት ነው፣ የግንኙነቱ ስህተት ደግሞ በውስጡ ተጠቅልሎ ይገኛል። የመጀመሪያውን ብቻ ከያዙ ሁለተኛው አምልጦ ሥራውን ያቆመዋል።

ሌዚ ፕሮክሲ የማይፈታው አንድ ችግርም አለ። ላኪው አንዴ በደህና ከተፈጠረ በኋላ ግንኙነቱ ቢበጠስ ፕሮክሲው አዲስ ላኪ አይፈጥርም፤ ያንኑ የሞተ ግንኙነት የያዘውን ኦብጀክት መጥራቱን ይቀጥላል። እንደገና መገናኘት የላኪው ክላስ ሥራ ነው። ክላሱ የራስዎ ከሆነማ ግንኙነቱን ከኮንስትራክተሩ አውጥተው ወደ «ላክ» ሜተድ ማዛወር ከሁሉም ይበልጣል፤ ኮንስትራክተር የተሰጠውን ተቀብሎ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል። ፕሮክሲው ዋጋ የሚያወጣው ያን ማድረግ በማንችልበት ቦታ ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ፕሮክሲውን ሳያስቡ የሚቀሰቅሱ ነገሮችን ማስወገድ

በተረካቢው ኮንስትራክተር ውስጥ ላኪውን የሚጠራ መስመር ካለ፣ ለምሳሌ «ዝግጁ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ እውነተኛው ኦብጀክት እዚያው ይፈጠራል፤ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን ማለት ነው። ኮንስትራክተሩ ላኪውን ተቀብሎ ያስቀምጠው እንጂ አይጥራው።

ከዚህ የረቀቀው ሎግ ነው። ኦብጀክትን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው «ቱስትሪንግ» የተባለው ሜተድ በፕሮክሲው አልፎ ወደ እውነተኛው ስለሚደርስ «ላኪው ይህ ነው» ብሎ ኦብጀክቱን የሚያትም አንድ የሎግ መስመር ብቻውን ይቀሰቅሰዋል። ዲበገርም ተለዋዋጮችን ሲያሳይ ይህንኑ ሜተድ ስለሚጠራ በዲበገር ሲያዩት «ተፈጥሯል»፣ ያለ ዲበገር ሲያስነሱት «አልተፈጠረም» የሚል ግራ የሚያጋባ ውጤት ያገኛሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ በኮንስትራክተር ውስጥ ያስገቡትን የህትመት መስመር ይመኑ፤ ክላሱ የሌላ አቅራቢ ከሆነ ደግሞ ከእሱ የሚወርስ ትንሽ ክላስ ጽፈው መስመሩን እዚያ ያስገቡ።

ሁለት ቢኖች በኮንስትራክተር እርስ በርስ ሲፈላለጉ ስፕሪንግ «ገና በመፈጠር ላይ ነው» የሚል ስህተት ያወጣል። በአንደኛው ወገን ሌዚ ፕሮክሲ ማስገባት ቋጠሮውን ይፈታዋል፤ ሆኖም ሁለቱ ክላሶች የጋራ የሆነውን ሥራ ለሦስተኛ ክላስ ቢሰጡት ይሻላል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ የትኛውን ማቆየት፣ የትኛውን አለማቆየት

በፋይልዎ ውስጥ ያሉትን ቢኖች አንድ በአንድ ይውሰዱና «ይህ ባይነሳ ሥራው መቀጠል ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልእክት ላኪው ባይነሳ ዓሣው ይመዘናል፣ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ይቆይ። መዝገቡ ባይነሳ ግን መመዘኑ ትርጉም የለውም። ዲስኩ ሞልቶ ወይም የማህደሩ ቦታ ጠፍቶ ከሆነ መዝጋቢው ይህን ማወቅ ያለበት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያው ጀልባ ሳይደርስ ነው። መዝገብን ሌዚ ማድረግ ስህተቱን ከሚጠገንበት ሰዓት ወደማይጠገንበት ሰዓት ማዛወር ነው፤ ስለዚህ እኔ በምንም ምክንያት አላደርገውም። የወር ሪፖርት የሚያዘጋጀው ቢን ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ አይወድቅም፣ ግን ለመፈጠር ብዙ ማህደረ ትውስታና ጊዜ ይወስዳል፣ በወር አንዴ ብቻ ይፈለጋል። ማንም በኮንስትራክተሩ ካልያዘው «ሌዚ-ኢኒት» ብቻውን ይበቃዋል፤ ፕሮክሲ አያስፈልገውም።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ከማስረከብ በፊት መፈተሽ

የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፤ ሞባይል ኢንተርኔት ከተያያዘም ያጥፉት። ፕሮግራሙን ያስነሱ። «መዝገቡ ተፈጠረ» እና «ተረካቢው ተፈጠረ» የሚሉት መስመሮች መውጣት አለባቸው፤ «ላኪው ተፈጠረ» የሚለው መውጣት የለበትም። ከወጣ ወደ አምስተኛውና ሰባተኛው ደረጃ ይመለሱ።

አንድ የሙከራ ክብደት ያስገቡ፤ ለምሳሌ 3 ኪሎ ቆሮሶ። ምዝገባው ሳይዘገይ መጠናቀቅ፣ መልእክቱም «ያልተላከ» ተብሎ መቀመጥ አለበት። የጀርባው ሥራ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ እስኪወድቅ ይጠብቁና ሎጉን ይመልከቱ፤ ሙከራው መደጋገም አለበት እንጂ ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ዝም ማለት የለበትም። አሁን ገመዱን ይሰኩት፤ ፕሮግራሙን አይዝጉት። በቀጣዩ ደቂቃ «ላኪው ተፈጠረ» የሚለው መስመር አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ሁለተኛ ክብደት ያስገቡ፤ መስመሩ መደገም የለበትም። በመጨረሻ ገመዱን እንደገና ነቅለው ሦስተኛ ክብደት ያስገቡና ይሰኩት፤ የተበጠሰው ግንኙነት በራሱ የሚታደስ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚህ ሙከራ ብቻ ነው። ሦስቱም መልእክቶች «ተልኳል» ሲሉ የህትመት መስመሮቹን ያውጡና ፕሮግራሙን ለመዝጋቢው ያስረክቡ።